ሦስተኛው ድስት

የስፖርት መምህር ነኝ። ለብዙ ዓመት ይህን ለማያውቀኝ ሰው ስናገር፣ ሰውየው መጀመሪያ ፊቴን፣ ቀጥሎ ሆዴን ያይና «የምን መምህር አልከኝ?» ብሎ ያስደግመኝ ነበር። ተማሪዎቼን ሜዳውን ዙሩ እልና እኔ ዛፍ ጥላ ሥር ቆሜ ፊሽካ እነፋ ነበር። የዛሬ ሁለት ዓመት ገደማ ግን ከኤረር በር ገበያ አንድ ፌስታል ድንች ይዤ፣ ጀጎል ውስጥ ወዳለው ቤታችን አቀበቱን ስወጣ መሀል ላይ ትንፋሽ አጥሮኝ ግንብ ተደግፌ ቆምኩ። እንጨት የተጫነች አህያ አለፈችኝ። አህያዋን የሚነዱት ሴትዮ ዘወር ብለው «ሸክምህን አህያዋ ላይ ላድርግልህ?» አሉኝ። በማግስቱ ሐኪም ዘንድ ሄድኩ።

ሐኪሙ የደም ምርመራዬን ውጤት አየና፣ ደሜ ውስጥ ያለው ስብ ከልክ ማለፉን ነገረኝ። ከዚያ ቀና ብሎ «ክርስቲያን ነህ?» አለኝ። ሊያናዝዘኝ መሰለኝ። ነኝ አልኩት።

«እንግዲያው ሁዳዴ ሊገባ ነው። ደህና አድርገህ ጹም።»

አናደደኝ። እኔ ጾም መች አጉድዬ አውቃለሁ? ቤት ገብቼ ሳስበው ግን የሰውየው ነገር እውነት ነበር። የኔ ጾም ዘይት ውስጥ የሚዋኝ ጾም ነው። ጠዋት ቦምቦሊኖ፣ ቀን የድንች ጥብስ፣ ማታ ሳምቡሳ፣ በመሀል በመሀሉ ለስላሳ። ሥጋና ቅቤ እስከሌለበት ድረስ ለነፍስም ለሥጋም ይበጃል ብዬ ነበር የምበላው። በዚያ ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ እንደ ሰው ጾምኩ። ምስር፣ ጎመን፣ ባቄላ፣ በሶ፣ ከሶፊ ገበሬዎች የሚመጣ ማንጎ፣ ዘይቱን፣ ጭብጥ ለውዝ። ጾሙ ሲገባደድ ቀበቶዬ አዲስ ቀዳዳ ፈለገ። ከተማሪዎቼ ጋር ሜዳውን ዞርኩና ልጆቹ ቆመው አጨበጨቡልኝ። የፋሲካ ጠዋት ባለቤቴ የዶሮውን ወጥ አውጥታ እንቁላሉን ፊቴ ስታደርገው «እኔ እዚያው ጾሙ ላይ ብቀርስ?» አልኩ።

«እስከ መቼ?» አለች።

«እንጃ።»

ጣጣውን ያመጣው ይህ «እንጃ» ነው። እኛ አገር የጾም ምግብ መብላት ብርቅ አይደለም፤ ብርቅ የሚሆነው በፍስክ ቀን ሲበሉት ነው። ሰኞ ቀን ምግብ ቤት ገብቼ «የጾም አለ?» ስል አስተናጋጇ በአዘኔታ ታየኝና «ስለት አለብህ?» ትለኛለች። መምህራን ማረፊያ ክፍል ውስጥ ደግሞ ባሰ። አንዱ ባልደረባዬ «የንስሐ አባቱ ከባድ ቀኖና ሰጥተውት ነው» ብሎ አስወራ። ከዚያ ወዲያ ወሬው የምበላውን ትቶ ኃጢአቴን ፍለጋ ሄደ። ባለቤቴ ገበያ ላይ ሰምታ ቆሽቷ አርሮ መጣች። «ሚስቱን ምን ቢያደርጋት ነው እያሉ ነው። እባክህ ሰው ፊት አንድ እንቁላል ብላልኝ!» ሌላው ባልደረባዬ፣ የጀጎል ልጅ ነው፣ ነገሩን በከተማችን ሚዛን መዘነው። «እኛ ጋ ጅቡም በዓሹራ ሌሊት ገንፎ ይቀምሳል። በማግስቱ ግን ወደ አጥንቱ ይመለሳል። አንተ ከጅቡም ባስክ» አለኝ። እኔም ስቄ ምስሬን በላሁ።

በሆዴ ጀመርኩት፤ ሐሳቡ ኋላ ነው የመጣው። በእኛ ልማድ ሴት ዶሮ አታርድም። ባል ወይ ወንድ ልጅ አጠገቧ የሌላት ሴት የበዓል ዋዜማ ዶሮዋንና ቢላዋን ይዛ አራጅ ፍለጋ ትወጣለች። ሰፈራችን ደግሞ አብዛኛው ቤት የእስላም ነው። በእነሱ እጅ የታረደውን እኛ አንበላም፣ በእኛ እጅ የታረደውን እነሱ አይበሉም። ስለዚህ የጥቂቶቹ ክርስቲያን ቤቶች ዶሮ ዞሮ ዞሮ እኛ ደጃፍ ይመጣል። አባቴ እጁ መንቀጥቀጥ ሲጀምር ቢላውን ለእኔ አስረከበኝ፤ ትወደዋለህ ወይ ብሎ የጠየቀኝ የለም። ሥጋ ከተውኩ በኋላ ነው ያን ሥራ ዕድሜዬን ሙሉ ስጠላው እንደኖርኩ የገባኝ። መዳፌ ውስጥ የሚመታውን ያን ትንሽ ልብ እጠላው ነበር። እግዚአብሔር ብሉ ብሎናል ይሉኛል። ብሎናል፤ ግዴታችሁ ነው ግን አላለም። ሳልበላው መኖር ከቻልኩ፣ ያውም ከድሮው ተሽዬ ከኖርኩ፣ ለምን ልግደለው? ቢላውን ቁም ሳጥን ላይ ወርውሬ «ከእንግዲህ አላርድም» ብዬ ለሰፈሩ ሁሉ አወጅኩ። ማወጅ እወዳለሁ፤ ፊሽካ የለመደ ሰው ነኝ።

በግራ በኩል ጎረቤታችን አዴ የምንላቸው የጀጎል እናት ናቸው፤ ከወንዶች ልጆቻቸው ጋር ይኖራሉ። በቀኝ በኩል እማማ አሉ፤ ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ብቻቸውን ናቸው። እነዚህ ሁለት ሴቶች ወጣት ሆነው ነው ጎረቤት የሆኑት። እማማ ጓዳ መደርደሪያው ላይ ከራሳቸው ድስት ሌላ በነጭ ጨርቅ የተሸፈነ ድስት አለ። የክርስቲያን ሥጋ ገብቶበት አያውቅም፤ የአዴ ድስት ነው የሚባለው። አዴም ቤት እንዲሁ የእማማ ድስት አለ። ማንም ማንንም አይቀየምበትም። ከልጅነቴ ጀምሮ ሳየው የኖርኩት ስለሆነ እንደ ቤቱ ምሰሶ ነው፤ ትኩር ብዬ አይቼው አላውቅም።

የዚያን ዓመት አረፋ አዴ ጠሩኝና መደቡ ላይ ከልጆቻቸው መሀል አስቀመጡኝ። እነሱ በጋቸውን ሲበሉ እኔ እንጀራዬን ሁልበት ውስጥ እያጠቀስኩ በላሁ፤ አብሽ ዘፍዝፈው አረፋ እስኪያወጣ መትተው፣ ሎሚ ጨምረው የሚሠሩት ነው። «ማሻአላህ፣ አንተስ ቀለልክልን» አሉ አዴ። «ከእንግዲህ ላንተ ሌላ በግ ግዙ፣ ክርስቲያን አራጅ ጥሩ የለ!» ያን ዕለት ኩራት ቢጤ ተሰማኝ። የሁሉም ቤት ሰው ሆንኩ አልኩ በልቤ። በዚህ ከተማ ሰውን በሥጋ የሚለይ ነገር ካለ እኔ አልፌዋለሁ።

ጤናዬ ግን እንደ ኩራቴ ወደ ላይ ብቻ አልሄደም። ክረምት ላይ እግሬን ይነዝረኝ ጀመር፤ ፊሽካ መንፋትም ደከመኝ። ያው ሐኪም «ጾም ሲሆን ሰውነትህ ካጠራቀመው ይበላል። ለሁልጊዜ ከሆነ ግን ከእንስሳ ምግብ ብቻ የምታገኘው ቫይታሚን አለ፤ ያልቅብሃል» ብሎ ክኒን አዘዘልኝ። መንዘሩ ተወኝ። ክኒኑን እስከ ዛሬ እውጣለሁ፤ ስለ እሱ ግን አላወጅኩም።

በሁለተኛው ዓመት ሁዳዴ እማማ መንገድ ላይ ተዝለፍልፈው ወደቁ። እኔው ነኝ በባጃጅ እዚያው ሐኪሜ ዘንድ የወሰድኳቸው። ደም አንሷቸዋል ተባለ። እንቁላል፣ ወተት፣ ሥጋ ያስፈልግዎታል ሲላቸው «ከፋሲካ በኋላ» አሉት። «እማማ፣ በሽተኛ እኮ ጾም አይገደድም» ቢላቸው ጆሮ ዳባ ልበስ። ተስፋ ቆርጦ ክኒን ሲጽፍላቸው «ይኼ ክኒን ጾም ነው?» ብለው ጠየቁት። ሐኪሙ ዘወር ብሎ እኔን አየኝ፤ የራሴን ሲያዝልኝ እኔም ይህንኑ ጠይቄው ነበር።

ከዚያ ወዲያ ጠዋት ጠዋት ብቅ እያልኩ አያቸው ጀመር። እየመነመኑ ነው። ግቢው ውስጥ አንድ ቀይ አውራ ዶሮ ገዝተው ፍርፋሪ እያበሉ ያደልቡታል። «እሱን የፋሲካ ዕለት በልቼ ቀና እላለሁ» ይሉኛል። አንድ ቀን ጎመን ይዤላቸው ስገባ ከነገር ሁሉ ነጥለው «ያንተ ነገር እንዴት ነው፣ ቅቤ የነካው ድስት ቢታጠብስ ይሆንልሃል?» አሉኝ። እኔም እንደ ጳጳስ ተኮፍሼ «እማማ፣ ሽታው አይለቅም» አልኳቸው። እውነቱን ለመናገር ደህና አድርገው ካጠቡት ይለቃል። ራሳቸውን ነቀነቁና ወሬ ቀየሩ።

ቅዳሜ ሹር ደረሰ። ባለቤቴ «ሰው እንደ ሰው የሚበላበት ቤት ልዋል» ብላ ልጆቹን ይዛ እናቷ ዘንድ ድሬዳዋ ወርዳለች። ከሰዓት በኋላ ቄጤማዬን ራሴ ላይ አስሬ ቁጭ ባልኩበት በሩ ተንኳኳ። እማማ ናቸው። ቀዩን ዶሮ ታቅፈዋል፤ ቢላው በነጠላቸው ጫፍ ተጠቅልሏል።

«እማማ፣ እንደተውኩ ነግሬዎት የለ?»

«ነግረኸኛል። ሌላ ሰው ብፈልግ አጣሁ።»

እውነታቸውን ነው። ለእንቁጣጣሽ ያረዱላቸው የታችኛው ቤት ጡረተኛ ሰፈር ለቀዋል። ለገና መጥቶ ያረደላቸው ልጃቸው ደግሞ ለፋሲካ ፈቃድ ተከልክሎ አዲስ አበባ ቀርቷል።

«ብላ እኮ አላልኩህም» አሉ ቀስ ብለው። «እረድልኝ ነው።»

«ከከተማ የታረደ፣ የተገነጣጠለ፣ ንጹሕ ዶሮ ልግዛልዎት።»

«በማን እጅ የታረደ?»

«ፋብሪካ ነዋ።»

«ፋብሪካው በስመ አብ ይላል?»

እማማ ክርክር አይወዱም። «ይሁን፣ ሽሮም ይበቃኛል። ዋናው ትንሣኤውን ማየት ነው» ብለው ዞሩ። ሲዞሩ በአንድ እጃቸው ዶሮውን ታቅፈው በሌላው ግንቡን ይዘው ነው የሚራመዱት። እስከ ደጃፋቸው ተከተልኳቸው።

እማማ ደጃፍ ላይ አዴ ዱካ ላይ ተቀምጠው የዶሮውን ሽንኩርት ይከትፋሉ። የፋሲካን ሽንኩርት ሁልጊዜ የሚከትፉላቸው እሳቸው ናቸው፤ ወጡን ግን አንድም ቀን ቀምሰውት አያውቁም። እማማ ዶሮውን ሳያሳርዱ ይዘውት ሲመለሱ አይተው ቢላዋቸውን ቁጭ አደረጉ።

«ወላሂ» አሉኝ ካሉበት ሆነው፣ «የሚበሉልኝ ቢሆን ኖሮ ልጄ አሁኑኑ ቢስሚላህ ብሎ ይገላግላቸው ነበር። አይበሉትማ! ለአውራ ዶሮ አዝነህ ለእሳቸው አታዝንም?»

ዓይናቸው በሽንኩርቱ ቀልቷል፤ እንባቸው እየወረደ እየተቆጡ ነው። እኔም ተናደድኩ። «እሺ! ሰው ፈልጌ አሳርዳለሁ!» ብዬ ዶሮውን ከእማማ ብብት ወሰድኩት። ቢላውንም ተቀበልኳቸው።

ከግንቡ ውጭ ያለው ከተማ ክርስቲያን ሞልቶበታል፤ ምን ችግር አለ ብዬ ባጃጅ ያዝኩ። መጀመሪያ ወደዚያ ኃጢአቴን ሲፈልግ ወደከረመው ባልደረባዬ ቤት ሄድኩ። በሩ ተቆልፏል፤ ለበዓል ገጠር ወርደዋል። ቢላ በነጠላ ጠቅልዬ፣ አውራ ዶሮ ብብቴ ሥር አድርጌ አስፋልት ዳር ቆምኩ። ተማሪዎቼ ቢያዩኝ ብዬ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዞርኩ። አንድ ወጣት ሲያልፍ «ወንድሜ፣ ክርስቲያን ነህ?» አልኩት። ፊቱ በራ። ጌታን ተቀብያለሁ ብሎ እኔንም ለማስቀበል ቆመ። እማማ ዘንድ ይህ እንደማያልፍ ስለማውቅ አመስግኜ ተሰናበትኩት። ዶሮው ጮኸ።

ቀጥሎ የመጣው ጎልማሳ ቄጤማ አስሯል። ጉዳዩን አስረዳሁት። «ደስ ይለኛል፤ ግን አርጄ አላውቅም። ካሳየኸኝ እሞክራለሁ» አለኝ። ጥግ ይዘን ቆምንና እንዳስተማሪ ጀመርኩለት። ክንፉን እንዲህ ትረግጠዋለህ፣ አንገቱን እንዲህ ሳብ ታደርጋለህ፣ ቢላውን አታመላልስም፣ አንዴ ነው። ሰውየው እየሰማኝ ቢላውን አንዴ በቀኝ አንዴ በግራ ይይዛል። እኔ ደግሞ የራሴን ድምፅ ሰማሁት። ዶሮው እንደሆነ መሞቱ ነው። እማማም ይበሉታል፣ መብላትም አለባቸው። በዚህ ሁሉ ዙረት የሚተርፈው የእኔ እጅ ንጽሕና ብቻ ነው፤ እሱም ቢሆን ለዶሮው የሚጨምርለት አንድ የባጃጅ ፍርሃትና አንድ ያልለመደ እጅ ነው። ለዶሮው ያዘንኩ መስሎኝ ለራሴ ነበር ከተማውን የምዞረው። ሰውየውን መልካም ፋሲካ ብዬው በሌላ ባጃጅ ተመለስኩ።

እማማ ግቢ አረድኩት። በስመ አብ ብዬ፣ አንዴ። ጥሩ አራጅ መሆኔን እጠላዋለሁ፤ ግን ነኝ። ያ ትንሽ ልብ መዳፌ ውስጥ መታ፣ መታ፣ ተወ። ደስ አላለኝም። ዛሬም አንድ ሰው ትክክል ሠራህ ወይ ብሎ ቢጠይቀኝ አፌን ሞልቼ አዎ አልልም፤ ሌላ መንገድ ግን አላየሁም። አዴ የፈላ ውኃ ይዘው መጡ። ዶሮውን አስረክቤ ቤቴ ገባሁና እጄን ስታጠብ ቆየሁ።

በማግስቱ ረፋድ ላይ እማማ አስጠሩኝ። ሌሊቱን ከቤተ ክርስቲያን መጥተው ትንሽ አረፍ ብለዋል፤ እስካሁን ግን አልገደፉም። እኔን ሲጠብቁ ነበር። መሶቡ ላይ የዶሮ ወጣቸው ወጥቷል፣ ቅቤው ከላይ ይንሳፈፋል፣ ሽታው ቤቱን ሞልቶታል። ከጎኑ አንዲት ትንሽ፣ ጥቁር፣ አዲስ የሸክላ ድስት ተቀምጣለች። ክዳኗን አነሱት። ምስር ወጥ ነው። በፋሲካ ምድር፣ ያን ሁሉ ጾም ጾመው ተነሥተው፣ ምስር ወጥ ሠርተዋል።

«ይቺ ያንተ ናት» አሉ። «ቅቤ ነክቷት አያውቅም።»

«መቼ ገዟት?»

«ሽታው አይለቅም ያልከኝ ሰሞን፣ ከኤረር በር። በጎመን ዘር ደጋግሜ አሟሸኋት፤ አሁን ወጥ አይይዝባትም።»

ቀና ብዬ መደርደሪያውን አየሁ። የአዴ ድስት ነጭ ጨርቁን እንደለበሰ አለ፤ ከእሱ ቀጥሎ አዲስ ነጭ ጨርቅ ታጥፎ ተቀምጧል። ትናንት ደጃፌ ላይ ዶሮ ታቅፈው ሲቆሙ ይቺ ድስት እዚያ ነበረች። ሽሮም ይበቃኛል ብለው ግንብ ይዘው ሲመለሱም ነበረች። አንድ ቃል አልተነፈሱም።

«እማማ፣ ባላርድልዎትስ ኖሮ?»

«ባታርድልኝማ ከዚችው አብረን እንበላ ነበር» አሉ፣ ምን የሚያስጠይቅ ነገር አለው በሚል ድምፅ።

«በሉ አሁን ይግደፉ፣ ይቀዘቅዛል» አልኳቸው። እጃቸው ቀጭን ሆኗል፤ እንጀራ ለመቁረስ የሚበቃ ጉልበት ያለውም አይመስልም። ተነሡ። ግድግዳውን ይዘው ማስታጠቢያው ድረስ ሄደው እጃቸውን በሳሙና ታጠቡና ተመልሰው ተቀመጡ።

«ዶሮውን ከነካሁ ወዲያ እጄ ላንተ አይሆንም» አሉኝ። «መጀመሪያ አንተ።»

ከትንሿ ድስት ምስሩን በእንጀራ ጠቅልለው ዘረጉልኝ። የእሳቸው ወጥ ፊታቸው እየቀዘቀዘ ነው። አፌን ከፈትኩ።